ዥዋዥዌ ለማስተዳደር ጎንደር ድረስ

ከጎንደር ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ። በዚህ ሳምንት ውስጥ ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ አራቱ ደውለው «እንዴት ሆነ?» ብለውኛል። አራቱም እንደኔ ሥራ ፈላጊዎች ናቸው። ጎንደርን አያውቋትም፤ ለመሄድም አላሰቡም። አራት ጊዜ በስልክ ከምተርክ አንድ ጊዜ ጽፌ ብልክላቸው ይሻላል ብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ለማያውቁኝ፣ ትዕግሥት እባላለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የልጆች መዝናኛ ፓርክ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ቲኬት ቆራጭ ሆኜ ጀመርኩ፤ ከዚያ የሚጋጩትን ትንንሽ መኪኖች አስነሺ፣ ከዚያ የፈረቃ ኃላፊ፣ በመጨረሻ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆንኩ። ሥራ አስኪያጅ ልሆን ስል ቦታው ለሌላ ጉዳይ ተፈለገና ፓርኩ ተዘጋ። የፕላስቲክ ፈረሶቹን በአይሱዙ ጭነው ሲወስዷቸው ቆሜ አይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር ሥራ ፈልጌያለሁ። ፓርክ ያላቸው ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም የወንድም ልጅ አላቸው። አንድ ሆቴል «የልጆች መጫወቻ ኃላፊ» ብሎ ጠርቶኝ ስሄድ፣ መጫወቻው ውስጥ የነበረው አንድ ሸርተቴና ሸርተቴው ሥር የተኛ ጥበቃ ነበር። ሌላ ቦታ ማስረጃዬን አገላብጠው «አካውንቲንግ ተምረሻል፤ ለምን ባንክ አትገቢም?» አሉኝ። ስለዚህ አንድ ወዳጄ ጎንደር ለሚከፈት አዲስ የመዝናኛ ፓርክ ሥራ አስኪያጅ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ በቴሌግራም ሲልክልኝ በዚያው ቀን አመለከትኩ። በሳምንቱ ባለቤቱ ራሳቸው ደወሉ። የአውሮፕላን ቲኬት እንደሚልኩልኝ ነገሩኝና ስልኩን ዘጉት። ምንም አልጠየቁኝም።

ሻንጣዬን ሳዘጋጅ እናቴ በር ላይ ቆማ «ዥዋዥዌ ለማስተዳደር ጎንደር ድረስ?» አለች። ሰባተኛ ክፍል የምትማረውን ልጄን ለእሷ ትቼ መሄዴ ነው።

«እማዬ፣ ዥዋዥዌ ብቻ አይደለም።»

«ሌላ ምን አለ?»

«የሚጋጩ መኪኖች አሉ።»

እናቴ ትንሽ ቆማ አሰበችና ወደ ማድቤት ሄደች።

አንደኛ ቀን፣ ማክሰኞ

የገና ማግስት ነው። አውሮፕላኑ አዘዞ አየር ማረፊያ ሲያርፍ ፀሐዩ እንደ አዲስ አበባ ነው፤ አየሩ ግን ሞቅ ይላል። በር ላይ መልካሙ የሚባል ሹፌር ካርቶን ይዞ ጠበቀኝ። ካርቶኑ ላይ ሁለት ስም ተጽፏል፦ ትዕግሥት፣ ይበልጣል።

«ይበልጣል ማነው?» አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለ ከኋላዬ የቆመ ሰው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ከረጢቱን በደረቱ በኩል ያንጠለጠለ ሰው ነው። በአውሮፕላኑ ውስጥ ሁለት ወንበር ከፊቴ ተቀምጦ ሲያንኮራፋ ነበር።

«ሁለታችሁም ለሥራው ናችሁ» አለ መልካሙ፤ ደስ እያለው። «አያ ስንሻው ሁለታችሁንም ባንድ ማኪና አምጣቸው ብለውኛል።»

አዲስ አበባ ለአንድ ሥራ የሚወዳደሩ ሰዎች በመጠበቂያ ክፍል ውስጥ እንኳ አይተያዩም። እዚህ አንድ የኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ይበልጣል ሐዋሳ በሚገኝ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የመካኒክ መምህር ነው። ቅዳሜና እሑድ በአንድ መዝናኛ ቦታ የልጆች መጫወቻዎችን ይጠግናል። መንታ ልጆች በቅርብ ተወልደውለታል፤ አውሮፕላን ውስጥ ያንኮራፋውም ለዚህ ነው። መንታዎቹን በስልኩ ሲያሳየኝ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር ብዬ አሰብኩ። በዚያ ላይ ለተወዳዳሪ ስሙ ይበልጣል መሆኑ ፍትሐዊ አልመሰለኝም።

ፓርኩ ፀዳ በምትባል ሰፈር ነው፤ ከአየር ማረፊያው ሩቅ አይደለም። ግማሹ ሰፈር ቤት ነው፣ ግማሹ ለቤት የተከመረ ድንጋይ። በሦስት ወገን የታጠረ ሜዳ ላይ አሥራ ሁለት ሳጥን ያለው ትልቅ የሚሽከረከር ጎማ ቆሟል። ሰው ሳጥኖቹ ውስጥ ተቀምጦ ዞሮ ይወርዳል፤ ቁመቱ ባለ አራት ፎቅ ቤት ያህላል። ከጎኑ በላስቲክ የተሸፈኑ የሚጋጩ መኪኖች፣ ሸርተቴዎች፣ ዥዋዥዌዎች። አራተኛው ወገን ላይ አጥር በሚኖርበት ቦታ ትልቅ ጨርቅ ተወጥሯል፤ «ለጥምቀት እንከፍታለን» ይላል።

ሥራ አልተቀጠርኩም፤ ግን እጄ አላርፍ አለ። መሰላል አስመጥቼ፣ የፓርኩ ጥበቃ ጎማውን እያዞረልኝ፣ ሳጥኖቹ የተንጠለጠሉባቸውን ቡሎኖች በየተራ አየሁ። ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ያሉት ከፋብሪካ የመጡ ናቸው። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ያሉት በጉዞ ላይ ጠፍተው ኖሮ ከገበያ በተገዙ ተተክተዋል። አጭር ናቸው፤ ዳዶው ጫፋቸው ላይ ነው የቆመው። ስወርድ ይበልጣል መሰላሉን ይዞልኝ ነበር።

«አየሽው?» አለኝ።

«አንተስ?»

«ከታች ሆኜ አይቻለሁ» አለና ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

ባለቤቱ አያ ስንሻው ጎንደር የሉም። ሽምግልና ተይዘው ደባርቅ ናቸው፤ ሁለት ቤተሰብ ሳያስታርቁ አይመለሱም። ስለዚህ በማግስቱ እኛ ደባርቅ እንሄዳለን። ሆቴል ስንደርስ ለሁለታችንም የተያዘው ባለ ሁለት አልጋ አንድ ክፍል ነው። ለጥምቀት የሚመጣ እንግዳ ካሁኑ ገብቶ ሌላ ክፍል የለም። እንግዳ ተቀባይዋ «ወንድምና እህት ናችሁ ብለን ነው» አለች። መልካሙ ሳይጠየቅ የይበልጣልን ከረጢት አነሳና «እኔ ቤት ነህ» አለው። እኔንም ለምሳ ጨምሮ ወሰደን። ሚስቱ ከበዓሉ የተረፈውን ዶሮ አሙቃ አቀረበች፤ ዶሮው ለእኔ ሳይሆን ለበዓሉ ነው የተሠራው ብዬ እንዳልሳቀቅ «ዛሬም በዓል ነው» እያለች ሁለት ጊዜ እንቁላል ጨመረችልኝ። የነገሥታቱን ግንብ ስንመለስ በመኪናው መስኮት አየሁት። ትልቅ ነው።

ሁለተኛ ቀን፣ ረቡዕ

ጠዋት መልካሙ ለሦስት ሰው ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ካጣራ በኋላ ተነሣን። እኔ አዲስ አበባ ከቤት ስወጣ የምጠይቀው መንገዱ ተዘጋግቷል ወይ ነው፤ ጥያቄው ተመሳሳይ ነው፣ መልሱን የሚጠብቁበት ፊት ግን ሌላ ነው።

ከጎንደር ወጥቶ ወደ ሰሜን ሽቅብ ሲወጡ አገሩ ይሰፋል፤ ብርዱም ይመጣል። አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ብዙም ሳንሄድ የኋላ ጎማ ፈነዳ። መልካሙ ወርዶ አየ። ስኮርታ ጎማውን አወጣ። ስኮርታውም ባዶ ነው። ሁለቱንም ጎማ አንከባሎ ወደ ዳባት የሚሄድ አይሱዙ ላይ ጫነና ከነሱ ጋር ሄደ። እኔና ይበልጣል ሦስት ጎማ ካለው መኪና ጋር ሜዳ ላይ ቀረን።

ከመንገዱ ዳር ገብስ የሚወቁ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዲት ጎልማሳ ሴት መንሹን አስቀምጣ መጣች። ዘነበች ትባላለች። «ምነው በብርድ ትቆማላችሁ? አረፍ በሉ እንጂ» ብላ ከአውድማው ጥግ ጭድ ላይ አስቀመጠችን። የጾም ቀን ነውና የባቄላ አሹቅ በሰፌድ፣ ጠላ በጣሳ አመጣች። ባቄላው ዘይት የነካው አይደለም፣ ጨው ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ ዘገንኩ።

«ለምን ጉዳይ ነው መንገዱ?» አለች።

«ሥራ ፍለጋ» አልኳት።

«የምን ሥራ?»

ይበልጣል እኔን አየኝ። በአገራችን ሥራችንን ማስረዳት ሁሌም ከባድ ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ ግማሹ ሰው የምሠራው መናፈሻ ውኃ ማጠጣት ይመስለው ነበር። እንደ ምንም ጀመርኩ።

«ትልቅ ጎማ አለ። ሰው ይቀመጥበታል። ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል።»

«የት ለመድረስ?»

«የትም አይደርስም። የተሳፈረበት ቦታ ይወርዳል።»

«ይከፍላል?»

«ይከፍላል።»

ወይዘሮ ዘነበች የወጣውንና የወረደውን በእጇ አየር ላይ አዞረችው። «ወጥቶ ምን ያያል?»

«አገሩን።»

«እንዲህ ከሆነ ሸጋ ነው» አለች። «እኛ አገሩን ለማየት ተራራ እንወጣለን፤ ጉልበት ይጨርሳል።» ከዚያ ዞር ብላ ለሚወቁት ሰዎች ጮክ ብላ አስረዳቻቸው፤ ከኔ ይልቅ በደንብ። ዐሥራ አንድ ዓመት ስለ ሥራዬ ስናገር እንደዚያ ቀን የተረዳኝ ሰው አላስታውስም።

መልካሙ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጎማዎቹን አስጠግኖ ተመለሰ። ስንሄድ ሴትዮዋ የተረፈውን አሹቅ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችን። ደባርቅ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ያረፍነው በአያ ስንሻው ታላቅ እህት በእትዬ እናኑ ቤት ነው። አጭር፣ ፈጣን ሴት ናቸው። አዲስ አበባ ብርድ አለ የምንለው ብርድ አይደለም። ጥርሴ ሲንገጫገጭ አይተው የለበሱትን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው ደረቡልኝ፤ ሌላ ያምጡልኝ ብል «ሌላውም የኔ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?» አሉኝ። የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ በላን። ገብሱ አፍ ላይ ሻከር ይላል፤ ሆድ ግን ይይዛል። አያ ስንሻው ግን አሁንም ሽምግልና ላይ ነበሩ።

ሦስተኛ ቀን፣ ሐሙስ

አያ ስንሻው ከረፋዱ ላይ መጡ። ስድሳውን ያለፉ፣ ወፍራም ዱላ የያዙ፣ ማክሰኝት ከተማ የእህል መጋዘን ያላቸው ሰው ናቸው። ሁለቱ ቤተሰቦች ታርቀዋል፤ እሳቸው ግን ድምፃቸው ጠፍቷል። አዲስ አበባ «እርስዎ» የምንለውን እዚህ «አንቱ» ይሉታል፤ ይበልጣል ከመጀመሪያው ቃል «አንቱ» ብሎ ጀመረ። እኔ ለምላሴ ስላልመጣልኝ «እርስዎ» አልኩ። አንድ ነጥብ የጣልኩ መሰለኝ።

ቃለ መጠይቁን ቢሮ ውስጥ ጠብቄ ነበር። ይዘውን የወጡት ከከተማው ዳር ወዳለ ገደል አፋፍ ነው። ከፊታችን ተራሮቹ አንዱ ባንዱ ጀርባ ቆመዋል። ነፋሱ ቃል ያስቀራል።

«እዚህ ሁለተኛውን እከፍታለሁ» አሉ በሻከረ ድምፅ። «የጎንደሩ ከቀናን።» ከዚያ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እኔ ልጅ ሆኜ ጨዋታ አልነበረም። ሥራ ነበር። ለልጅ ልጆቼ ብዬ ነው ይኼን ሁሉ ብረት ያመጣሁት። ሰው ሁሉ ስንሻው አብዷል ይላል። አሁን አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ። ጥምቀት ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ይከፈታል ወይ?»

መጀመሪያ ይበልጣልን አዩት።

«ይከፈታል» አለ።

ቀና ብዬ አየሁት። ቡሎኖቹን አይቷል። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ስምንት ወር ሥራ መፈለጌን፣ የልጄን ትምህርት ቤት፣ እናቴ በር ላይ ቆማ ያየችኝን አስተያየት በአንድ ጊዜ አሰብኩ። አፌን ስከፍት «ይከፈታል» የሚለው ቃል እዚያው ተዘጋጅቶ ነበር።

«አይከፈትም» አልኩ።

«ምነው?»

«ሦስት ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ ሰው የሚያወርድ ጀኔሬተር የለም። በአንድ ወገን አጥር የለም። ሦስተኛው ደግሞ...»

«በቃ» አሉ። «ገባኝ። ዘጠኝ ቀን አይበቃሽም።»

ሦስተኛውን አልሰሙኝም። ወደ ቤት ስንመለስ ከይበልጣል ጋር ከፊት እያወሩ ሄዱ፤ እኔ ከኋላ። እትዬ እናኑ ለምሳ ሲያቀራርቡ ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ከወጡ ላይ ሥጋውን ወደኔ ገፉት። ይበልጣል ማዶ ተቀምጦ እንጀራውን ይቆርሳል፤ አይበላም፤ ይቆርሳል ብቻ።

አራተኛ ቀን፣ ዓርብ

ሁላችንም በአንድ መኪና ወደ ጎንደር ወረድን። እትዬ እናኑም ለጥምቀት ካሁኑ መጡ፤ ከፊት ተቀምጠው መንገዱን ሁሉ ለመልካሙ ያስረዱት ነበር፤ እሱ በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚሄድበት መንገድ ነው። በዚህ ቀን ጎማ አልፈነዳም።

ፀዳ ስንደርስ አያ ስንሻው ጎማው ሲዞር ለእህታቸው ማሳየት ፈለጉ። ባዶውን ይዙር ብዬ ተስማማሁና የኤሌክትሪክ ሰሌዳውን ለማየት ከጀርባ ሄድኩ። ስመለስ ጎማው ይዞራል፤ አያ ስንሻውና እትዬ እናኑ የሉም።

«የት ሄዱ?» አልኩት መልካሙን።

ወደ ላይ ጠቆመኝ።

ጥበቃውን «ባለቤቱ እኔ ነኝ» ብለውት አሳፍሮ አስነሥቶላቸዋል። ሳጥናቸው ጫፍ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ጎማው ትንሽ ተንገጫገጨና ቆመ። መጀመሪያ የሳጥኑን ቁጥር ፈለግኩ። አራት ቁጥር ነው። የፋብሪካ ቡሎን ነው።

«ትዕግሥት!» አሉ ከላይ። የጠፋው ድምፃቸው ተመልሷል።

«አቤት፣ አያ ስንሻው!»

«ምነው ቆመ?»

«መብራት ሄደ!»

«መቼ ይመጣል?»

«አይታወቅም!»

«ጀኔሬተር የለንም?»

«የለንም!»

የሰፈሩ ሰው ከየቤቱ መውጣት ጀመረ።

«ትናንት ያልሽኝ ይኼን ነው?»

«አዎ፣ አንደኛው እሱ ነው!»

«ሦስተኛው ምን ነበር?»

ቀና ብዬ የተንጠለጠሉበትን ሳጥን አየሁ። «ሲወርዱ እነግርዎታለሁ!»

«አሁን ንገሪኝ!»

«ስንሻው፣ ዝም በል!» አሉ እትዬ እናኑ፤ እስከዚያ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ማርያም ሲጸልዩ ነበር። «ስትወርድ እነግርሃለሁ ብላሃለች!»

እንዲህ ያለ ጎማ የሚዞረው ከሥሩ ያለች ትንሽ የላስቲክ ጎማ ጠርዙን ተጭና ስትገፋው ነው። ትንሿ ከላላች ትልቁ በእጅ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ካልያዘው ግን ከላይ ያለው ክብደት ራሱ ይዞት ይወርዳል፣ ያውም በፍጥነት። አዲስ አበባ አንድ ጊዜ ዘጠኝ ልጆች በዚህ መንገድ አውርደናል። ያኔ ግን ያሠለጠንኳቸው ሠራተኞች ነበሩኝ። እዚህ ያሉኝ መልካሙ፣ ጥበቃው፣ ከጎን ካለው ግንባታ የጠራናቸው ስድስት የቀን ሠራተኞችና ይበልጣል ናቸው።

ይበልጣል ሳልነግረው መፍቻ ይዞ ትንሿ ጎማ ሥር ተኝቷል። «አንቺ ሰዎቹን ያዢ፤ እኔ ስትዪኝ አላላለሁ» አለ።

ስምንቱን ሰው ጠርዙ ላይ አራት አራት አድርጌ አቆምኳቸው። «ያዙ ስል ትይዛላችሁ፣ ልቀቁ ስል ክንድ ታህል ብቻ ትለቃላችሁ። ማንም ብቻውን አይለቅም።» ሁለት ጊዜ አለማመድኳቸው። ከዚያ ለይበልጣል ምልክት ሰጠሁት።

«ያዙ!»

ብረቱ አቃሰተ። ትልቁ ጎማ ክንድ ታህል ሄደ፣ ቆመ። ክንድ ታህል ሄደ፣ ቆመ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ክብደቱ ወደ ጎን ወጣና ከሠራተኞቹ አንዱ ተንሸራተተ። ሰባቱ ያዙት። ተንሸራታቹም ተነሥቶ ያዘ። ቃላቱን አሳጠርኳቸው፦ «ያዙ። ልቀቁ። ያዙ።» አርባ ደቂቃ ፈጀ።

እትዬ እናኑ በሩ ሲከፈትላቸው ወርደው መሬቱን ሳሙ፣ ከዚያ ተነሥተው ወንድማቸውን በነጠላቸው ጫፍ መቷቸው። አያ ስንሻው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ሐይቁ ይታያል።»

ሦስተኛውን ነገርኳቸው። አምስቱን ሳጥኖች በጣቴ እያሳየሁ ነገርኳቸው። ጨርቁን አዩት፤ «ለጥምቀት እንከፍታለን» የሚለውን። ዘመድ ሁሉ ተጠርቷል። ከዚያ እንዳልሰማ ሰው ወደ ይበልጣል ዞሩ።

«አምስቱን ዘግተን በሰባቱ መክፈት ይቻላል። የቅጥር ደብዳቤህን ዛሬ አጽፌ እሰጥሃለሁ። ለጥምቀት ይከፈታል፤ አይደል?»

ይበልጣል እጁ በቅባት ጠቁሯል። እኔን አላየኝም። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው፤ መንታዎቹን አይቶ ይሁን ሰዓት አይቶ አላውቅም።

«አይከፈትም» አለ። «ሰባቱ ብቻ ተጭነው አምስቱ ባዶ ከሆኑ ሚዛኑ ይዛባል። አሁን እርስዎም በዓይንዎ አይተውታል። ደባርቅ ላይ ይከፈታል ያልኩዎ ሥራውን ስለፈለግኩት ነው። ዋሽቼዎታለሁ።»

ግራ ተጋብቶ «አንቱ» ማለቱን እንኳ ረሳው። አያ ስንሻው ዱላቸውን አንሥተው ብቻቸውን ወደ መኪናው ሄዱ። እትዬ እናኑ እጄን ያዙኝና «ብርድ ነው፣ ግቢ» አሉኝ። ፀሐይ ነበር።

አምስተኛ ቀን፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ በረራ ስላለን ሁለታችንም ሻንጣችንን ይዘን ነው የወጣነው። መልካሙ ግን ወደ አየር ማረፊያው ሳይሆን ወደ ማክሰኝት ነዳ። የገበያ ቀን ነው፤ በሬና ሰው መንገዱን እኩል ይካፈሉታል። አያ ስንሻው መጋዘናቸው ውስጥ በጤፍ ጆንያዎች መካከል ተቀምጠው ጠበቁን። እትዬ እናኑም አሉ። የመጋዘኑ ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣለች።

«ስንት ቀን ነው የሚፈጀው?» አሉኝ፤ ሰላምታ ሳይሰጡ።

«ቡሎኖቹ ከውጭ እስኪመጡ፣ ጀኔሬተሩ እስኪተከል፣ ሠራተኛ እስኪሠለጥን፣ እስከ ፋሲካ።»

«ሰው ይስቅብኛል።»

«ይስቃል» አልኩ። የሚያጽናና ነገር ፈልጌ አጣሁ።

እትዬ እናኑ ጣልቃ ገቡ። «ትናንት ያልሳቀብህ ማን አለ? ሙሉ ፀዳ አይቶሃል።»

አያ ስንሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞሩ። «ጻፊ። ሥራ አስኪያጅ፣ ወይዘሮ ትዕግሥት።»

«አንድ ነገር ይጨመር» አልኩ። «ማሽን የማቆም ሙሉ ሥልጣን የሥራ አስኪያጇ ነው። ማንም ከሷ ፈቃድ ውጭ አያስነሣም፣ አይሳፈርም።»

«እኔም ጭምር?»

«እርስዎም ጭምር።»

ጸሐፊዋ እጇን ኪቦርዱ ላይ አንሥታ ጠበቀች። እሳቸው ጤፉን ከጆንያው ዘግነው በጣቶቻቸው መካከል አፈሰሱት። «ጻፊው» አሉ።

«አንድ ሰው ደግሞ እፈልጋለሁ» አልኩ። «የቴክኒክ ኃላፊ። ይበልጣልን።»

ይበልጣል በሩ አጠገብ ከሻንጣው ጋር ቆሞ ነበር። ይህን ሲሰማ ጆሮው ቀላ።

«ዋሽቶኛል እኮ» አሉ አያ ስንሻው።

«ዋሽቷል። ደብዳቤው በእጁ ሊገባ ሲል ደግሞ እውነቱን ተናገረ። እኔም ደባርቅ ላይ ለመዋሸት ምን ያህል ትንሽ ቀርቶኝ እንደነበር እርስዎ አያውቁም።»

አያ ስንሻው እሱን አዩት። «ከሷ ሥር ትሠራለህ?»

ይበልጣል ወጥቶ በሬዎቹ መካከል ቆሞ ለሚስቱ ደወለ። በመስኮቱ አየው ነበር፤ ብዙ ይሰማል፣ ትንሽ ይናገራል። ተመልሶ ሲገባ አያ ስንሻውን አለፋቸው። ወደኔ መጥቶ ቆመና «ቡሎኖቹን ከየት ነው የምናዘው?» አለኝ።

በረራው ሳይዘገይ ተነሣ። ወንበሬ መስኮት ዳር ነበር። አውሮፕላኑ ከአዘዞ ሲነሣና ዞር ሲል ፀዳ ከክንፉ ሥር ታየች፤ ቆርቆሮው፣ የድንጋይ ክምሩ፣ ሜዳው፣ መሐሉ ላይ ጎማው። ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ ሳጥኖቹን ቆጠርኳቸው። አሥራ ሁለቱም አሉ። ዐሥራ አንድ ዓመት የኖርኩት እንዲህ ያለ ነገር ሲዞር በማየት ነው፤ አሁን ግን እስትንፋሴን ይዤ የማየው አለመዞሩን ነበር። ደመና እስኪጋርደው ድረስ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ወንበሬን ወደ ኋላ አድርጌ ተኛሁ።